የኤች ቦታ

ታናሽ ወንድሜ ስማዳ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ እኔ ንፋስ መውጫ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። «ያስተምራል» ስል የሚሰማኝ ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል። ይየኝ! «ያስተምር ነበር» እንድል ከጠበቀ ቆሞ ይቅር።

ያን ሰሞን መንገዱ ሲለው ይከፈታል፣ ሲለው ይዘጋል። ከአርብ ገበያ ወዲያ ተኩስ ተሰማ ከተባለ የሚኒባስ ድራሹ ይጠፋል። ትምህርት ተቋርጦ ስለከረመ የወንድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የሚቀመጡት በቅጡ ሳይማሩ ነው። እሱ ታዲያ የክለሳ ወረቀት በስልኩ አዘጋጅቶ ላከልኝ፤ ማተሚያ ያለው እኛ ዘንድ ነዋ። ደውሎም «እታለም፣ አትመሽ ጠብቂኝ፤ ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለኝ። በዚህ መንገድ እንዳትመጣ፣ ሰው ፈልጌ እልክልሃለሁ አልሁት። እሱ ምኑን ይሰማል! ሳሩን እንጂ ገደሉን አታይም እያልሁ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። በማግስቱ ኔትወርኩ ጠፋ።

ወረቀቱን ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ሁሉም ደህና ነው፤ ኤች የተባለችው ፊደል መግባት ባለባት ቦታ ሁሉ ግን ባዶ ሳጥን ተቀምጧል። የኮኑ ከፍታ ሳጥን፣ ከኤፍና ከጂ ቀጥሎ የሚመጣው ፈንክሽንም ሳጥን። ከዚያ ሁሉ ፊደል መሀል አንዷ ብቻ ተለቅማ መጥፋቷ ደስ አላለኝም። አባታችን በልጅነታቸው እዚሁ አገራችን ባለው ቤተ ልሔም ደብር የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። አጎንብሰው ሳጥኑን አዩና ምነው ይችን ብቻ ለይቶ አሉ፤ አማተቡም። አባዬ፣ ኮምፒዩተር እኮ ምልኪ አያውቅም ብዬ ሳቅሁባቸው። ሳቁ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ለማስተማሪያ ብዬ ቀደም ሲል ያወረድሁት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ነበረኝና እሱን ከፈትሁ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ስምምነት ለዓለም ፊደል ሁሉ፣ ለእኛም ጭምር፣ ለየአንዳንዱ ቁጥር ያድላል። የሒሳብ ፊደላት ደግሞ የራሳቸው ሰፈር አላቸው፤ በሒሳብ ደማቁ ኤና ዘመም ያለው ኤ ትርጉማቸው ስለሚለያይ ቁጥራቸውም ይለያያል። ደማቆቹ ከኤ እስከ ዜድ ይሰለፋሉ፤ ዘመም ያሉት ይከተላሉ፤ ከዚያ ደማቅም ዘመምም የሆኑት፤ እንዲያ እያለ በእጅ የተጻፉ እስኪመስሉት ድረስ ይወርዳል። በየረድፉ ትልልቆቹ ይቀድማሉ፣ ትንንሾቹ ይከተላሉ።

ዘመም ካሉት ትንንሾች መሀል፣ ልክ ከጂ ቀጥሎ፣ አንድ ባዶ ቤት አገኘሁ። ዘመም ያለችው ኤች ለካ ይህ ሰፈር ሳይቆረቆር በፊት የፊዚክስ ምልክት ሆና ሌላ ዘንድ ቁጥር ወስዳ ኖሯል። አንዷ ፊደል ሁለት ቁጥር እንዳይኖራት ብለው እዚያው ተዋት። እዚህ ያለውን ቦታዋን ግን ለሌላ አልሰጡባትም። በሠንጠረዡ ላይ ከባዶው ቤት ጎን ቀስት አለ፤ ፊደሏ የምትገኝበት ቁጥር አብሮ ተጽፏል።

ወንድሜን ጉድ የሠራው የአባታችን ትምህርት ነው። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው በእሳቸው እጅ ነው፤ ስንጥር ይዘን ከሀ ተነስተን ተራውን ሳንስት እየቆጠርን። በዚያ ገበታ ላይ ባዶ ቤት የለም፤ ተራውን የያዘ ሰው ሳይሳሳት ይደርሳል። እሱም ለስልኩ የመጀመሪያዋን ፊደል ቁጥር ሰጥቶ ሌላውን ከዚያ ቆጥሮ እንዲያወጣ አዘዘው። ስልኩ እየቆጠረ ሄዶ ኤች ጋ ሲደርስ ባዶውን ቤት ረገጠ። ሲመጣ እንዴት አድርጌ እንደማበሽቀው እያሰብሁ ኤችን ካለችበት አምጥቼ ሳጥኖቹን ሞላሁ፤ አተምሁት። ነገሩን ለአባዬ ስነግራቸው እንግዲያ አልጠፋችም አሉ። ፊታቸው ፈታ አለ።

ቅዳሜ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ከአርብ ገበያ የሚመለሱትን ነጋዴዎች መንገድ ላይ እየጠበቅሁ እጠይቃለሁ። አንዱ መንገዱ ዝግ ነው ይላል፤ ሌላው ከሚኒባስ ላይ ሰው አስወርደዋል ይላል፤ እነማን፣ ማንን ስል አያውቅም። አንዳንዱ እኔን ሲያይ ወሬውን ቀይሮ ስለ ገብስ ዋጋ ያወራል። ሁሉም ሲሰናበተኝ ቸር ወሬ ያሰማን ይላል። ያችን ምርቃት ጠላኋት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አባዬ ስለ እሱ አይጠይቁኝም። እራት ሲቀርብ ግን መደቡ ላይ እሱ የሚቀመጥበትን ጥግ በመዳፋቸው ይጠርጋሉ፤ ጎረቤት ሲመጣም ወደዚያ አያስጠጉም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ትሕትና ያለው ወጣት በራችን ላይ ቆመ። ከስማዳ በእግሩ እንደመጣ፣ የሒሳቡን ወረቀት እንዲወስድ እንደተላከ ነገረን። ልቤ ዘለለ፤ ወንድሜ የላከው መስሎኝ ደህና ነው ወይ ብዬ አንገቱ ላይ ልጠመጠም ምንም አልቀረኝም። ወጣቱ መሬት መሬት አየ።

«እኔ በእሳቸው ቦታ የተመደብሁ ነኝ።»

እሱስ የት ሄዶ? አልሁት። ሌላ ቦታ ናቸው አሉኝ አለ። ሌላ ቦታ የት? እሱን አልነገሩኝም አለ። ማን እንዳለው ጠየቅሁት፤ እሱንም በቅጡ አያውቀውም። ጮኼበትም ነበር፤ ምን ያድርግ፣ እሱም ትምህርት ቤቱ የላከው ነው። ለአንዲት ፊደል ያለችበትን ቁጥር ከነቀስቱ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ለወንድሜ አንድ የሚጠቁመኝ ሰው ታጣ።

ተማሪዎቹ ምን አጠፉ ብዬ ወረቀቱን ላመጣለት ወደ ጓዳ ገባሁ። ታቅፌው ስመለስ ወጣቱ ደክሞት ኖሮ መደቡ ጥግ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሏል። አባዬ በከዘራቸው ቀስ አድርገው ከለከሉት፤ የራሳቸውን ጋቢ አነጠፉና ጎናቸውን አሳዩት።

«ወዲህ ተቀመጥ ልጄ። ያ ቦታ ሰው አለው።»