ከደመናው በላይ ያየነው ቀይ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀብላኝ «እቴቴ፣ ይህን እይው እስቲ» አለችኝ፤ በጠቆረ ሰማይ ላይ፣ ከነጎድጓድ ደመና በላይ፣ ከነሥሩ ተነቅሎ የተንጠለጠለ ማሽላ የሚመስል ቀይ ብርሃን። ኃይለኛ መብረቅ ሲወርድ አንዳንዴ ወደ ላይም እንዲህ ያለ ብርሃን ይፈነጥቃል አሉ፣ ለቅጽበት፣ ያውም ከሩቅ ለሚያይ። ይህን ነገር በልጅነቴ ቆቦ ላይ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም ብዬም ክጃለሁ።

አጎቴ ሙሄ የሰፈራችን መብረቅ ተመልካች ነበር። በእኛ በራያ ቆላ ማሽላው የሚጠጣው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ነውና፣ ክረምት ሲገባ መግሪብ ሰግዶ ማሳው ዳር ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና በላስታ በኩል ድምፁ ሳይሰማ የሚያበራውን መብረቅ ያያል፤ «ዛሬ ይወርዳል» ካለ ወንዶቹ አካፋቸውን ይዘው ጎርፉን ወደ ማሳ ሊጠልፉ ይወጣሉ፣ «ተኙ» ካለም ይተኛሉ። የእኔ ሥራ ቆሎ ይዞ ከጎኑ መቀመጥ ነበር፤ ለእሱ አንድ እፍኝ፣ ለራሴ ሁለት።

አንድ ምሽት ደመናው ቦግ ካለ በኋላ፣ ከዚያ በላይ፣ ኮከብ ያለበት ቦታ፣ ያ ቀይ ብልጭ ሲል ሁለታችንም አየነው። «ሱብሃነላህ፣ አየሽ?» አለኝ፤ «አየሁ» አልኩ። አጎቴ ያየውን ውጦ ማደር አይሆንለትም፣ በማግስቱ ለጎርፍ ሥራ በተሰበሰቡት ፊት ተናገረ። «ጫት አብዝተህ ነው» ብለው ሳቁበት። ወደ እኔ ዞሮ «ይችም አይታለች፣ ጠይቋት» አለ። ያን ሁሉ ጥርስ ሳይ፣ ውሃ ስቀዳ ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አሰብኩና «እኔ ምንም አላየሁም» አልኩ። አካፋውን አንስቶ ወደ ማሳው ሄደ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ «ዛሬ ይወርዳል» ሲል «ቀዩ ነው?» ይሉት ጀመር፤ ውሎ አድሮም መብረቅ ማየቱን ለሌላ ሰው ሰጡት። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ድንጋዩን አልተወም፤ ቆሎ ይዤ ስሄድ ገለል ብሎ ቦታ ይሰጠኛል፣ ያንን ነገር ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ከሳቁት ሰዎች በሕይወት ያሉት ጋሽ ይመር ብቻ ናቸው። ለአጎቴ ልመሰክርለት ስልኩን ይዤ እሳቸው እስካሉበት ሮቢት ድረስ ሄድኩ። ምስሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩና «ለካ ሙሄ እውነቱን ኖሯል» አሉ፤ ቀጥለውም፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «እኛማ በጨዋታ ነበር የጀመርነው። ከልባችን የሳቅነው አንች አላየሁም ስትይ ነው» አሉኝ።

አሁን ማሽላው ከጉድጓድ በሞተር ይጠጣል፤ መብረቅ ለማየት የሚቀመጥ የለም። ድንጋዩ ግን አለ። ትናንት አመሻሽ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩበት፤ ጥግ ይዤ ለአንድ ሰው ቦታ እንደተውኩ ያወቅኩት በኋላ ነው። «አይቻለሁ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።