የእናቴን ትንፋሽ መከተል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሠርግ ዲጄነት ለሚተዳደር ሰው ሁሉም መካሪው ነው። አንዱ መጥቶ «ጨምረው» ይላል፣ ሌላው «ቀንሰው» ይላል፣ ሞቅ ያለው ደግሞ «የኔን ስልክ ካልሰካህ» ብሎ ይሟገተኛል። እኔ ለሁሉም «እሺ» እላለሁ፤ የማደርገው ግን የገዛ ጆሮዬ ያለኝን ነው። ይህ ጠባዬ ኩርፊያ አፍርቶልኛል፤ ሥራ ግን አላሳጣኝም።

ምቶቼን የምሠራው ከአካባቢዬ ድምፅ ነው። በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ የሚመጣው ከበሮ የታሸገ ወጥ ይመስለኛል፤ ያጠግብ ይሆናል፣ አይጣፍጥም። ደምበጫ ገበያ ሄጄ የጋሪ ፈረስ ኮቴ በስልኬ ቀድቻለሁ፤ ሳወፍረው ጥሩ ከበሮ ይወጣዋል። የሙቀጫ ድምፅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የሴቶች ጭብጨባ፣ ሁሉም ላፕቶፔ ውስጥ አለ። ጭብጨባውን ኮምፒውተሩ እንዲያስተካክለው ከፈቀድኩለት እጆቹ እንጂ ሰዎቹ አይሰሙም። ስለዚህ እንደተዛነፈ እተወዋለሁ።

ባለፈው ጥር እህቴ አገባች። እኛ ዘንድ፣ የተወለድንበት አማኑኤል አካባቢ፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩን ዘግተው ይዘፍኑበታል። አንዷ ግጥም ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ አውጪዋ ካልጨረሰች ሙሽራው አይገባም። በሰፈራችን ሠርግ ሁሉ አውጪዋ እናቴ ነበረች። የስንቱን ሰው ልጅ በዘፈን ሸኝታለች። የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ግን ድምጿ ሻከረ፣ አጠረም። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እህቴ የመጨረሻዋ ልጅ ናት። እሷ ደምበጫ፣ ሙሽራው ቤት ስትገባ ቤቱ ውስጥ የምትቀረው እናቴ ብቻ ናት። ጎረቤቶች ሌላ አውጪ ይፈለግ ቢሉ እናቴ አሻፈረኝ አለች።

«ማይክ ልስጥሽ፣ እማዬ» አልኳት።

«የገዛ ልጄን በብረት ልሸኛት?»

«እንግዲያው ከሥር ቀስ ያለ ከበሮ ላድርግልሽ። ለድምፅሽ መደገፊያ ይሆናል።»

«ካልቀደመኝ ይሁን» አለች። «የእናንተ ከበሮ ይቸኩላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።»

ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምጿ ቢከዳት ያ ቀን ዕድሜ ልኳን እንደሚያንገበግባት አውቃለሁ።

እኩለ ቀን ላይ የሙሽራው መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ መጡ፤ ሴቶቹ በሩ ላይ ተደረደሩ። እናቴ የመጀመሪያውን ስንኝ ስታወጣ እኔ ከዳሱ ሥር፣ ከሞንታርቦው አጠገብ ሆኜ አልሰማኋትም፤ የከንፈሯን እንቅስቃሴ ብቻ አየሁ። ያን የፈረስ ኮቴ ከሥሯ አስገባሁት። ድምፁን እጅግ ዝቅ አደረግኩት፤ ሰው አንድ ነገር እንዲሰማ ከፈለግህ መጮህ ሳይሆን ማሳነስ እንደሚሻል ሥራው አስተምሮኛል። ጣቴን ከፍጥነት ማስተካከያው ላይ አላነሳሁም። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ምቱን አዘገየዋለሁ፤ ስትቀጥል ከኋላዋ እቀጥላለሁ። ዲጄ ምቱ ሲዛባ ያፍራል፤ እኔ ግን ያን ቀን በየስንኙ እያወቅኩ አዛባሁት። ሰዉ ለመስማት ዝም አለ፣ ጡሩምባውም ቆመ። ያች የሻከረች ድምፅ ከበሩ እስከ ዳሱ ተሰማች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እናቴ ግን አላቆመችም። የምታውቀውን ስንኝ ጨርሳ አዲስ መፍጠር ጀመረች። የእህቴን ሕፃንነት አነሳች፣ ውኃ ትቀዳበት የነበረውን ምንጭ አነሳች፣ እሷ ራሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ልጇ እንዴት እንዳስታመመቻት አነሳች። ሙሽራው በሱፉ ውስጥ በላብ ተጠመቀ። ከወገኑ አንድ ሽማግሌ «ኧረ እሜቴ፣ ፀሐዩ ፈጀን!» ብለው ሰዉን አሳቁት። ዋናው ሚዜ በሰው መሀል ተሽሎክሉኮ መጣና ጆሮዬ ላይ፣ «ዲጄ፣ በእናትህ ቀስ አድርገህ አጥፋው። ምቱ ከቆመ እሳቸውም ያቆማሉ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በሌላ ሰው ሠርግ ቢሆን አደርገው ነበር።

የእናቴን ፊት ሳይ ነገሩ ያኔ ገባኝ። ድምጿ እንዳይከዳት የፈራሁት እኔ ነኝ፤ እሷ የፈራችው ዘፈኑን መጨረስ ነበር። ስትጨርስ በሩ ይከፈታል፣ ልጇ ትሄዳለች። ሚዜውን «እሺ» አልኩትና ምቱን እንዳለ ተውኩት።

እናቴ አንድ ስንኝ ደገመች። ያንኑ እንደገና ልታወጣ ጀምራ መሀል ላይ ተወችው። ተቀባዮቹ ጠበቋት፤ እኔም ምቱን እያዘገየሁ ጠበቅኳት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ከበሩ ገለል አለች።

«ግባ እንግዲህ፣ ልጄ» አለችው ሙሽራውን። «ቶሎ እንዳትወስዳት ብቻ።»