የደፋሁት ዱቄት

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት ጓደኛዋን «ፊትሽ ሞላ፤ ተመችቶሻል!» አለቻት። ሙገሳ ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ የተሞገሰችዋን ጉንጭ በጥርጣሬ አየሁ። ይህ ልማድ የያዘኝ በእህቴ በእትዬ ወይንሸት ምክንያት ነው።

እትዬ የዘጠኝ ዓመት ታላቄ ናት። ቀጨኔ እየኖርን ቤት ተቀምጣ ነጠላ ትቋጭ ነበር፤ የጥጡ ብናኝ አስሟን ይቀሰቅስባታል። አንድ ክረምት ሰፈር ውስጥ የሚሸጥ ግራጫ ዱቄት ለአስሟ መውሰድ ጀመረች። ሻጩ «የባህል ነው፤ ቅጠል ብቻ» ብሏታል። በሦስተኛው ቀን ደረቷ ሲር ሲር ማለቱን ተወ፤ ጭቃውን ዳገት ሳታርፍ ወጣችው። ከወራት በኋላ ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «ወይኒዬ፣ ማነው እንዲህ የሚቀልብሽ?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ያኔ ጀማሪ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ሁሉን እጠረጥራለሁ። ቅጠል እንዲህ ይፈጥናል? ዱቄቱን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ እንደ ክኒን ይመራል። ሻጩን ብጠይቀው «ፖሊስ ነህ እንዴ?» አለኝ። ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ፣ አንድ ጠዋት እትዬ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልታስረክብ እንደወጣች ዱቄቱን ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ ደፋሁት። ሐኪም አላማከርኩም፤ ለእሷም አልነገርኳትም።

በአራተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃታት። አጥሚት እንኳ ያስመልሳት ጀመር፤ ትንፋሿም አጠረ። ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ደረቷን ራጅ አነሷት።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅለው የጎን አጥንቶቿን በጣታቸው ተከተሉ።

«የቲቢ ምልክት አይታየኝም። ይሄ የጎን አጥንት ግን ተሰብሮ የገጠመ ነው። ወድቀሽ ነበር?»

«ኧረ አልወደቅኩም። በፋሲካ ሰሞን ስስል ቀጭ ብሎብኝ ነበር።»

«በሳል ብቻ? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«ቅጠል ነበረኝ፤ ሰሞኑን ጠፋብኝ።»

«እኔ ነኝ የደፋሁት» አልኩ።

«አንተ?» አለች እትዬ በደከመ ድምፅ። «እኔ እኮ አከራያችንን ሌባ ብዬ ተጣላሁ!»

ሐኪሙ አልተቆጡም፤ ይህ ባሰብኝ። «ክኒን ተፈጭቶ የገባበት ይመስለኛል፤ አስሙን የሚያስታግስ፣ ሲቆይ ግን ፊት የሚያሳብጥ፣ አጥንት የሚያሳሳ ዓይነት። ሰውነት ከለመደው በኋላ በሐኪም ቀስ እየተባለ ይቀነሳል እንጂ በአንዴ አይቆምም። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» አልጨረሱትም። መርፌ አዘዙ።

እትዬ ተረፈች። ዛሬ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳለች፤ ጀርባዋ ጎብጦ ከትከሻዬ በታች ሆናለች። ዱቄት ሻጩ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሸጧል፤ ደጁ ላይ የሚሰለፉትን እያየሁ አልፍ ነበር። አንድ መስመር አልጻፍኩበትም፤ ዱቄቱን ገዝቼም አላስመረመርኩም። ጥርጣሬዬ ልክ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ማረጋገጥ ግን አልችልም፤ ማስረጃውን በገዛ እጄ ጎርፍ ላይ ደፍቼዋለሁ።