ባለቤት ያጣው ድልድይ

«አባባ፣ ድልድዩ እኮ የእኛ አይደለም» አለኝ ዛሬ ሰቆጣ፣ ዞን ቢሮ የተቀመጠው ልጅ።

«ታዲያ የእኔ ነው?» አልኩት።

ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌያችን መገንጠያ ላይ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ አምቡላንስ አይገባልንም። ልጄ ደግሞ ወሯ ገብቷል። እናቷ አርፋለች፣ ያለሁላት እኔ ብቻ ነኝ።

ወረዳው መንገዱ የክልል ነው ብሎ ወደ ዞን ሰደደኝ። የዞኑ ልጅ ክልል ደወለ። ክልል ደግሞ ድልድዩ አስፋልቱን ስለነካ የፌደራል ነው አለ። ፌደራሉ አዲስ አበባ ነው፤ ወንዙ እዚህ ነው።

«እንግዲያው እኛው በደቦ ድንጋይ እንሙላበት» አልኩ።

«እንዳትነኩት አባባ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። ትጠየቃላችሁ።»

ሲፈርስ ባለቤት የለውም፣ ልንጠግነው ስንል ባለቤት ይመጣለታል።

ልጁን አልተቆጣሁትም። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፣ ሻይ ጋብዞ ነው የሸኘኝ። እሱም አለቃ አለው፣ አለቃውም አለቃ አለው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የፊደል ስህተቴን የምትለቅሙ አትድከሙ። ፌደራል ማለት ሥልጣን መካፈል ነው ብለው በስብሰባ አስተምረውናል። ሲካፈሉ ግን ድልድዩን ማንም አልወሰደውም።

ማታ ከጎረቤት ጎልማሶች ጋር ቃሬዛ አስረናል። ውሃው ከሞላ ግን ቃሬዛም አያሻግርም።

እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ፤ በእናንተ አገር ድልድይ ሲፈርስ ምጥ የያዛትን ሴት በምን አሻገራችሁ? ያሻገራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።