የአልጋነሽ ሰባት ጣሳ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ወፍጮ ቤት ጤፍ ሳስመዝን፣ ሚዛን ያዡ ልጅ «አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፤ አሥራ ሦስት ልበለው እትዬ?» አለኝ። «ተኩሉን ተኩል ብለህ ጻፍ!» ብዬ ጮኽኩበት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁብኝ። ይሳቁ! ስስታም ይበሉኝ፤ ለምጄዋለሁ።

ተማሪዎች ወደ ገጠር ለዘመቻ በወጣንበት ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሂሳብ የሚያክለኝ አልነበረም፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ መንገር አይታክተኝም ነበር። የደረሰኝ መካነ ሰላም ነው። ረሀቡ ገና አልለቀቀም፤ በገበያ ቀን ሰው ይመጣል እንጂ እህል አይታይም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጭነት መኪና በዚያ ድንጋያማ መንገድ ሲንገላታ ከርሞ ደረሰ፤ ለእኛ መዝገብ አሥር ኩንታል ስንዴ ተራገፈ። ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

የመዘገብነው ሰማንያ ቤት፣ አራት መቶ ሰው ነው። ስንዴው አንድ ሺህ ጣሳ ወጣው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጣሳ ተኩል። ልክክ አለልኝ! ሰፋሪያችን አያ ይማም ግን፣ በእህል ገበያ ሲሰፍሩ ያረጁ ሰው፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤት አሥራ ሁለት ተኩል ስላቸው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ጎደሎ ሰፍሬ ሰው ቤት አልሰድም። ወላሂ አላደርገውም! በዚህ ክፉ ቀን ሟርት ልጨምርበት?»

ጎደሎ ጣሳ የገባበት ቤት ሰው ይጎድልበታል ብለው ያምኑ ነበር። ልለምናቸው እችል ነበር። ሁለት ሁለቱን ቤት አንድ ላይ ይስፈሩላቸው ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን ሊቅ ነኛ!

«ግድ የለም አያ ይማም፤ ተኩል ከሆነ ወደ ላይ ይጠጋጋል። አሥራ ሦስት ይስፈሩ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሲጠጋጋ ይቻቻላል» አልኳቸው።

ወደ ታች የሚጠጋጋ ቤት እንደሌለ አላየሁም። የቤቱ ሰው ቁጥር ጥንድ ከሆነ ልኩን ይወስዳል፤ ጎዶሎ ከሆነ ሁልጊዜ ግማሽ ጣሳ ትርፍ ያገኛል። ስልሳው ቤት ጎዶሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጆንያው ተራገፈ፤ አቧራው ብቻ ቀረ። ሦስት ቤት አልደረሰውም። ከሁሉም መጨረሻ የቆመችው አልጋነሽ የምትባል፣ ከቆላው ቀኑን ሙሉ ዳገት ስትወጣ የዋለች እናት ናት፤ ሁለት ልጆች በእጇ ይዛ አንዷን አዝላለች። አልጮኸችም።

«እታለም፣ እኔ አልተጻፍኩም?»

«ተጽፈሻል እትዬ። ለአራት ሰው አሥር ጣሳ።»

«ታዲያ የት ገባ?»

ሮጥኩ። ስንዴ ተሸክመው የሄዱትን በየመንገዱ እየተከተልኩ፣ ስለ ፈጣሪ ግማሽ ጣሳ መልሱልኝ እያልኩ ለመንኩ። አንዳንዱ ረገመኝ። አንዳንዱ ጥሬውን እየቆረጠመ አለፈኝ። ቋጠሮውን ፈትቶ እፍኝ የሰጠኝም አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሰበሰብኩት ዘጠኝ ጣሳ ሆነ፤ ለሦስቱ ቤት ሦስት ሦስት ደረሳቸው። አያ ይማም «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ሁለተኛው መኪና የመጣው ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ ነው። አልጋነሽ ተራዋ ደርሶ ፊቴ ቆመች። ስንት ናችሁ ብሎ መጠየቅ ሥራዬ ስለሆነ ጠየቅኋት።

«ሦስት» አለችኝ።

ሰባት ተኩል። አያ ይማም ስምንተኛውን ጣሳ ሞልተው ነጠላዋ ላይ ገለበጡላት።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በሂሳብ መምህርነት ጨረስኩ። የጎደለው ሰባት ጣሳ ስንዴ አንዲት ሕፃን ስንት ቀን እንደሚያቆይ ዛሬም በልቤ አሰላለሁ፤ መልሱን እየጠላሁት አሰላለሁ። ይህን ያወራኋቸው ሰዎች ሊያጽናኑኝ «ረሀቡ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ? ልጅ ነበርሽ እኮ» ይሉኛል። አዎ፣ ልጅ ነበርኩ። እሷም ልጅ ነበረች።