ስለ ሙሽራይቱ የተቀመጡት መሪጌታ

ኑርሑሴን የጎማ አቅጣጫ ሲያስተካክል መኪናን ባዶዋን አይለካም። “ባዶውንማ ሁሉም መኪና ጨዋ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሰው ሲጫንበት ነው” ይላል። ከፔዳ ሰፈር ዝቅ ብላ ባለችው ጋራዡ ሹፌሩ ከመሪው ኋላ ይቀመጣል፣ ጆንያ የሚጭን ጆንያውን ይጭናል፤ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ የሚወጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ልጁን መኪና ከክረምት ወዲህ አልነካም ብሎ ነበር።

ልጁ አኒስ አሮጌ ኮሮላ ገዝቶ ዝቅ እንድትልለት ሞላዋን በመጋዝ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ መኪናይቱ ሆዷን እየጎተተች፣ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ አዘንብለው፣ እግሩ እንደ ሸፈፈ ሰው ትሄዳለች። “ደህናውን አጣሞ እኔ ላቃናለት? አላደርገውም!” አለ አባት። ልጅም ኮራ። እናቲቱ ዘይነት በሁለት ግትሮች መካከል ወሬ ስታመላልስ ከረመች። ስንቱ አባት ነው “ልክ ነኝ” እያለ ቤቱን የሚያቀዘቅዝ! ልክ መሆን አይበላ፣ አይታቀፍ።

አሁን ግን ነገ ኒካሕ ነው። ሙሽራይቱ ኢኽላስ ከወረታ የምትመጣው በዚህችው መኪና ነው። የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦ ስላወጡ አኒስ ትናንት ሌላ አስገባ፤ መሪው ግን አሁንም ወደ ግራ ይስባል።

“የአኒስ አባት” አለች ዘይነት፣ “ልጅቷ መንገድ ላይ ብትቀር ሞላውን ማን ቆረጠ አይባልም፤ የማን ምራት ናት ነው የሚባለው።”

ኑርሑሴን ሲባጎውን አነሣ። አኒስ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። የጎኑ ወንበር ግን ባዶ ነው።

“ልጅቷ ስንት ኪሎ ናት?”

“አባ! እንዴት ብዬ ልጠይቃት?”

“እኔማ አማት ነኝ፤ አፌን ይያዘው።”

ጎረቤታቸው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጅ አለፉ። ኑርሑሴን የትከሻቸውን ቅጥነት ለካና ጠራቸው።

“መሪጌታ፣ እዚህች ላይ ይቀመጡልኝ።”

“ወዴት ልትወስደኝ ነው?”

“የትም። ስለ ሙሽራይቱ ነው።”

መሪጌታ ሳቁ። “የነቢያት ጾም ላይ ነኝ እኮ፤ በክብደት ሙሽራይቱን አላክል ይሆናል።”

“እሷም ሰርጌ ደረሰ ብላ ምግብ ትታለች አሉ። ይበቃሉ።”

ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። መኪናይቱ ዝቅ አለች። “ውይ፣ ይሄማ ስግደት ነው!”

“መሪው ወደ ግራ ይስባል፣ መሪጌታ” አለ አኒስ።

“መሪ ሲጣመምማ ስንቱን አይተናል። የጠፋው ሲባጎ የያዘ ሰው ነው።”

ኑርሑሴን ዘንጉን ሊያስተካክል ከመኪናይቱ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ሊወርድ ሲል ዘይነት ጮኸች፦ “ከኋላስ? አክስቷና ሚዜዋ በእግር ሊመጡ ነው?”

ቆመ። እውነቷን ነው።

“አንተ ሁለት ሴት ትመዝናለህ፤ ግባ” አለችው።

“ጉድጓዱ ውስጥስ?”

“የቆረጠው ይግባበታ!”

እሷ በልጇ ቦታ ገብታ መሪውን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ኑርሑሴን ከኋላ ሆኖ አንገቱን በመስኮት አወጣ። “ቡሎኑን አላላው! አሁን ዘንጉን ሩብ ዙር! ሩብ አልሁ እንጂ ግማሽ መቼ አልሁ?”

“ሩብ ነው ያዞርሁት፣ አባ!” አለ ከመሬት በታች ያለው ድምፅ።

“ሲባጎው ይዋሻል?”

“እሺ፣ መለስሁት!”

ዘይነት መሪውን ይዛ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ ሳቋ እንዳይታይባት። እነዚህ ሁለቱ ከክረምት ወዲህ ይህን ያህል ተነጋግረው አያውቁም።

ሲጨርሱ አኒስ ነዳ፤ አባቱና መሪጌታ በየቦታቸው ሆነው አብረውት ወጡ። ዋናው መንገድ ላይ፣ በዘንባባዎቹ መካከል መሪውን ለቀቀው፤ መኪናይቱ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። እንዲሁ እንዳሉ አንድ የፍጥነት መግቻ ላይ ደረሱ። ይህን መግቻ እንደ መቃብር የቆለለው ሰው አንድ ቀን ራሱ በቆረጠ ሞላ ይሂድበት! ሆዷ ተሰቅሎ ቆመች። ባለ ባጃጆች አፏጩ።

እንድትቀል አባትና መሪጌታ ወረዱ። አኒስ በመስኮት አቀርቅሮ፣ “ሰርጉ ይለፍና ሞላውን እመልሰዋለሁ፣ አባ። አጥፍቻለሁ” አለ።

“እንዳትነካው!” ኑርሑሴን ደነገጠ። “በዚህ ቁመቷ ነው ያቃናኋት!”

“ነገ እዚህ ሲደርሱ ሙሽራይቱስ?” አሉ መሪጌታ።

“ትውረዳ! እኔ ወረድሁ አይደል?” አለና የመኪናይቱን ኋላ በትከሻው ገፋ።