የንስሐ አባቴ ታብሌት

ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል ቀድሞ መግዛት ደዌዬ ነው። ያን ታብሌት ገና ገበያ እንደወጣ ሰው አስቸግሬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁትና ቡሬ ድረስ እየዞርኩ ጉራዬን ነዛሁበት። ብዙም ሳይቆይ አምራቹ ሌላ ሞዴል አወጣ። የኔው ባትሪ መድከም ሲጀምር መለወጫ እንዲልኩልኝ ጻፍኩላቸው። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻቸው አንዱ በመሆኔ አመስግነው፣ የዚያ ሞዴል ባትሪ መመረት እንደቀረ ነገሩኝና አዲሱን እንድገዛ መከሩኝ። ቀድሞ ማመን ወንጀል ሆነ እንዴ እያልኩ ሱቄ ለገባ ሁሉ ሳምንት ሙሉ አማረርኩ።

የንስሐ አባቴ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከገበዝ ማርያም ወጣ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ለሕዝቡ የሚያነቡት የተአምረ ማርያም መጽሐፍ ፊደል እየጠፋባቸው ነበር።

"ልጀ፣ ፊደል የሚያጎላ ዕቃ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉኝ።

መጽሐፋቸውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ታብሌቱ ላይ አሳየኋቸው። ፊደሉን በጣታቸው ሲያሰፉት ደስ ብሏቸው ሳቁ። "ስንት ዘመን ያገለግላል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዕድሜ ልክዎን ነው አባ" አልኩ። ባትሪው ሊሞት እንደተቃረበ፣ መለወጫም እንደሌለው እያወቅሁ ነው ይህን ያልኩት። በተሰፈርኩበት ቁና ሰፈርኩላቸው። ታብሌቱን ሰጠኋቸው፤ በምትኩ ከቀፏቸው የቆረጡትን አንድ ጣሳ ማር ሰጡኝ፤ በላሁት፣ ጣፈጠኝም።

በማርያም ዕለት ሕዝቡ ቆሞ ተአምሯን ሲሰማ፣ ታብሌቱ መሐል ላይ ጠፋባቸው። መጽሐፉን ቢገልጡ ፊደሉ አልታይ አላቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ንባቡ ተቋረጠ፤ ኋላ ዲያቆኑ ተቀብሎ ጨረሰው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። በነጋታው ታብሌቱን በነጠላ ጠቅልለው፣ ሌላ ጣሳ ማር አንጠልጥለው ሱቄ መጡ።

"የገበሬ እጅ ነው ልጀ፤ እንዲያ አምነህ የሰጠኸኝን ዕቃ አበላሸሁት። ይቅር በለኝ" አሉ።

"ኧረ ምንም አይደል አባ፣ ያጋጥማል" አልኳቸው። የንስሐ አባቴን ይቅር አልኩ! ማሩንም ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ በራሴ አፈርኩ። ጾሙ ገባ፣ ወጣ፤ ለንስሐ አልሄድኩም። ደንበኛ "ይሄ ዕቃ ይቆያል?" ሲለኝ ዋጋውን ብቻ እነግረዋለሁ። ሁለተኛው ጣሳ ሳይከፈት መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ጣሳውን ይዤ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ነበሩ። ማሩን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ማሬን መለስከው? ያን ቀን ይቅር ያልከኝ ለአፍህ ነበር እንዴ? ለንስሐ የቀረኸውስ ተቀይመኸኝ ነው?"

እግራቸው ስር ተንበርክኬ መናገር ጀመርኩ። የጀመርኩት ግን ከአምራቹ ነበር፤ እንዴት እንዳታለለኝ፣ ባትሪውን እንዴት እንደነፈገኝ፣ ሌላም ሌላም። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"እሱን ተወው ልጀ፤ እሱ የኔ የንስሐ ልጅ አይደለም። ያንተን ንገረኝ።"